ከገዛ ድስቴ

አማቴ ያስመለሱት ነገር እስከ ዛሬ ይሸተኛል። ኤዲያ! የበሉትስ ይሁን፣ ሰው የጠረጠረው ነገር እንዲህ ይገማል?

ጊዜው የጃንሆይ ነው፣ ሰበታ። ግድግዳ የምትጋራኝ ሙስሊም ጎረቤቴ ልጇን ዳረች። በወለድኩ ጊዜ የታረስኩት በእሷ እጅ ነው። እንደ አገሩ ልማድ ለእኛ ለክርስቲያኖቹ ለብቻ በግ ገዛችልን። ባሌ በስመ አብ ብሎ አረደው፤ እኔ በገዛ ምድጃዬ፣ በገዛ ድስቴ ሠራሁት። ማንም እንዳይጠረጥር ብላ ድስቱን በጣቷ እንኳ አልነካችም።

አማቴ ዳሱ ጥግ ተቀምጠው ደጋግመው አስጨመሩ። አጥንት ሲግጡ ቅባቱ እስከ ክርናቸው ይወርዳል። መሀል ላይ አሳላፊውን ማን እንዳረደው ጠየቁት። እሱ የሙስሊሞቹን በሬ የጠየቁት መስሎት የሙሽራዋ አጎት ነው አላቸው። ድስቱ ተቀይሯል ብለው ማተባቸውን ጨበጡ። ከዚያማ ምን ልበላችሁ፣ ያ ሁሉ ሥጋ በገባበት ወጣ፤ ነጠላቸው ላይ፣ የሰው ምንጣፍ ላይ። ከንፈራቸው አበጠ፣ አንገታቸው ሽፍ አለ። የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ያረደውም ልጅዎ ነው ብዬ ማልኩላቸው። መስማቱንስ ሰሙ፤ ሆዳቸው ግን አልሰማም። በግ እንዲህ አያደርግም፤ ያደረገው ጭንቅላታቸው ነው።

ጎረቤቴ ተንበርክካ ትውከቱን በእጇ አፈሰች። በልጇ ሰርግ! የእኛ ሰዎች ደግሞ አንድ በአንድ እጃቸውን ከትሪው ሰበሰቡ። አማቴንም እነሱንም ተጸየፍኳቸው።

እጇን ታጥባ አጠገቤ መጣችና ቀስ ብላ፣ "አንቺ ጉረሺ እህቴ። አንቺ ከበላሽ ሁሉም ይበላል" አለችኝ።

ምን ቸገረኝ፣ በጉን አውቀዋለሁ። ሰው ሁሉ እያየኝ ከወጡ ጠቅልዬ ጎረስኩ። አኘክሁት። አፌ ምራቅ ሞላ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። የገዛ ወጤ ነው፣ የቆላሁትን ሽንኩርት ጣዕም እንኳ ለይቼዋለሁ፤ ግን አልወርድ አለኝ። እያወቅሁ! ወግድ እንዲህ ያለ ሰውነት። ዞር ብዬ በነጠላዬ ጫፍ ተፋሁት።

ቀና ስል እያየችኝ ነበር። እስከዚያች ሰዓት በጣቷ ያልነካችውን ድስቴን አነሳች፣ ከደነችና አስታቀፈችኝ።