ከታክሲ ወርጄ ሞተርሆም የነዳሁበት ሰመር

የሚስቴ አባት ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን ዴንቨር አጠገብ ወዳለችው አውሮራ በመጡ ጊዜ እኔ የኤርፖርት ታክሲ በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት እነዳ ነበር። እሳቸው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በአሰብ መስመር ከባድ መኪና የነዱ ሰው ናቸው። ድንበሩ ከተዘጋ ወዲህ ባሕር አላዩም። አንድ ቀን እራት ላይ «ከዚህ ባሕር ምን ያህል ይርቃል?» ብለው ጠየቁን። ሚስቴ በማግስቱ ሞተርሆም ተከራየች። አልጋው፣ ምድጃው፣ መጸዳጃው ሁሉ ውስጡ ነው፤ ርዝመቱ ግን አውቶቡስ ያህላል። እሷ እንዲህ ያለ መኪና ነድታ አታውቅም።

«እረፍት እኮ ነው» አለችኝ።

ከመሪ ወርጄ መሪ ልይዝ መሆኑን ልነግራት አሰብኩና ተውኩት። እሷም ዓመቱን ሙሉ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሰው ስታነሣና ስታስተኛ የኖረች ናት።

ኦሬገን የባሕር ጠረፍ ለመድረስ ሦስት ቀን ፈጀብን። አባባ ከጎኔ ተቀምጠው ቁልቁለት በመጣ ቁጥር «ፍሬን አታብዛ፣ በማርሽ ያዛት» ይሉኛል። ኦቶማቲክ ነው ብላቸው፣ «ቢሆንም» ይላሉ።

የመጀመሪያዋ የጠረፍ ከተማ ጭጋግ ውጧት ነበር። አባባ ጫማቸውን አውልቀው፣ ሱሪያቸውን ሰብስበው ውሃው ውስጥ ገቡና ወዲያው ወጡ። «ይሄማ በረዶ ነው። አሰብ ባሕሩ ውስጥ ቆመህ ራሱ ያልብሃል» አሉ። ሚስቴ እየሳቀች ፎቶ አነሣቻቸው። እኔ አሸዋው ላይ ተቀምጬ አንቀላፋለሁ። ከዚያ በኋላ ያየናቸው ከተሞች ተደባልቀውብኛል። የማስታውሰው ማታ ውሃና መብራት ማገናኘቱን፣ ጠዋት መንቀሉን፣ በጠባብ መንገድ ያን የሚያህል መኪና ማዞሩን ነው።

ከጠረፉ ወጥተን ወደ ሴለም፣ ወደ ትንሿ የኦሬገን ዋና ከተማ ስንሄድ ሚስቴ ከኋላ ተኝታ ነበር። ጫካ ውስጥ በሚጠማዘዝ መንገድ ላይ ዓይኔ ተከደነ። የቀኙ ጎማ ጠጠር ላይ ሲወጣ ነቃሁ። አባባ አልጮሁም። መሪውን በአንድ እጃቸው ያዝ አድርገው፣ «ቀስ ብለህ ወደ ዳር አውጣት» አሉኝ። አቆምኩ።

«ደክሞሃል?»

«ደህና ነኝ አባባ።»

እጃቸውን ከመሪው አነሡ። «እኔም እንደዚሁ ነበር የምለው። የባቲ ቁልቁለት ላይ ቡና የጫነ መኪና የገለበጥኩት ደህና ነኝ እያልኩ ነው። አብሮኝ የነበረው ሰው እግሩ ተቆረጠ። ልጄ ፍሬን እምቢ ብሎ ይመስላታል።»

ያኔ «ደክሞኛል» አልኳቸው።

ሚስቴ ነቅታ ለምን እንደቆምን ስትጠይቅ፣ አባቷ ቀደሙኝ። «ሞተሩ ግሏል። ይረፍ።»

አንድ ሰዓት ያህል ተኛሁና ቀስ ብለን ሴለም ገባን። ከከተማው ዳር የሞተርሆም ማቆሚያ ነበር። እነሱ በአውቶቡስ ሄደው ምክር ቤቱንና ጣራው ላይ የቆመውን ወርቅ የተለበጠ ሰው አዩ፤ እኔ እዚያው ተኛሁ። ሁለት ቀን እንዲህ አለፈ። ከሴለም ተመልሰን ልናያቸው ያሰብናቸው ሌሎች የጠረፍ ከተሞች ቀሩ፤ ሚስቴ አኮረፈች።

ዴንቨር ተመልሰን መኪናውን ስናስረክብ ሞተሩ እንዲታይ ጠየቀች። ሠራተኛው ከፍቶ አየና ምንም የለውም አለ። በራሳችን መኪና ወደ ቤት ስንሄድ፣ አባባ ከኋላ ወንበር እንቅልፍ ወስዷቸው ሳለ፣ የእኔን እውነት ነገርኳት፤ እንቅልፍ እንደወሰደኝ፣ ከዚያ በፊትም ታክሲ ላይ ሁለት ጊዜ እንደወሰደኝ።

«ለአባቴ ነግረህ ለኔ?» አለች።

ቤታችን እስክንደርስ በመስኮቱ ስታይ ቆየች። መኪናውን ፓርክ ካደረግኩ በኋላ፣ «እኔም ደክሞኛል እኮ። ማን ጠይቆኝ ያውቃል?» አለችኝ።

የባቲውን ነገር የነገርኳት አባቷ ካረፉ በኋላ ነው። እሁድ መንዳት ግን ያኔውኑ ተውኩ። በመጀመሪያው እሁድ ሁለታችንም እስከ ቀትር ተኛን፤ ስንነሣም ድካሙ አልለቀቀንም ነበር።