ስለ ሰማይ የፈረምነው ወረቀት

ከሳንጃ ወደ ጎንደር እስር ቤት የወሰደችኝ ማኪና ሰሊጥ ጭና ነበር፤ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ገባሁ። ክፍሉ ውስጥ አንድ ሰሌንና አንዲት ሴት ነበሩ። ሴትዮዋ የሸፈተ ወንድማቸውን ጠመንጃ ደብቀሻል የተባሉ የአርማጭሆ ባላገር ናቸው። እትዬ አልኳቸው።

«ምን ሠርተሽ ነው?» አሉኝ።

«ድንጋይ ወደቀ።»

«በማን ላይ?»

«በማንም። ከሰማይ ነው።»

እስኪያስላቸው ሳቁ።

ነገሩ ግን ይኸው ነው። በጠራራ ፀሐይ ሰማዩ ነጎደና አንድ ጥቁር ድንጋይ ከትምህርት ቤታችን ጀርባ ማሽላ ውስጥ ወደቀ። ገበሬዎቹ ወደ እኔ መጡ፤ በሃያ ዓመቴ ፊደል ቆጥሬ አስተማሪ መሆኔ ሁሉን የማውቅ አስመስሎኝ ነበር። «ሌላ ይመጣል?» ሲሉኝ «አላውቅም፤ ሊመጣ ይችላል» አልኳቸው። ገበሬው ግብር አልከፍልም ያለበት ወር ነበር። ቃሌ ገበያ ደርሶ ሲመለስ «አስተማሪቱ የንጉሡ ዘመን አበቃ አለች» ሆኖ ተገኘ።

በሦስተኛው ሳምንት የእስር ቤቱ አዛዥ ሻምበል ወረቀት፣ ብዕርና የጣት ቀለም ይዞ ክፍላችን መጣ። «ከእንግዲህ ድንጋይ ከሰማይ እንደማይወድቅ በትምህርቴ አረጋግጣለሁ» ይላል ወረቀቱ። ቅዳሜ ሳንጃ ገበያ ላይ ሊነበብ ነው።

«ፈርሚ፤ ዛሬውኑ ትወጫለሽ።»

«ጌታዬ፣ ይህን የሚያውቅ ሰው የለም።»

«መንግሥት ያውቃል።»

እትዬ ጣልቃ ገቡ። «ምነው ልጄ! አይወድቅም በይና ውጪ። ሰማይ እንደሁ አይከስሽ!»

«ቢወድቅስ?»

«ቢወድቅማ ደጅ ሆነሽ ታይዋለሽ!»

ሻምበሉ ሳይቀር ሳቀ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ግን... ይወድቃል እንዴ?» አለኝ። ከልቡ ነበር የጠየቀኝ።

«አላውቅም» አልኩት።

ብዕሩን ተቀብዬ የተጻፈውን ሰረዝኩ። ከሥሩ «አንድ ድንጋይ ወድቆ አይቻለሁ። ሌላ ይውደቅ አይውደቅ አላውቅም» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ።

ሻምበሉ ሳቁ ጠፋ። «ለዚህስ ማን ይመሰክርልሻል?»

እትዬ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ውስጥ ነከሩና ከስሜ ሥር ጫን አደረጉ።

«እኔም አላውቅም» አሉ።

ሰባት ወር ጨምሬ ታሰርኩ። ከዚያ ወዲህ ሳንጃ ላይ ሌላ ድንጋይ ወደቀ ሲባል አልሰማሁም። እንግዲያ ሻምበሉ ልክ ነበር የሚሉኝ አሉ። ንጉሡ ግን ከዙፋን ወረዱ፤ እሱንም አስቀድሜ አላወቅሁም ነበር። ያ ወረቀት ዛሬ ቢቀርብልኝ አንድ ቃል አልለውጥም።