እትዬ በላይነሽ ያልመረጉት ግድግዳ

ባለፈው ሳምንት ወረታ መገንጠያው ላይ የከተማዋን ታሪክ የሚናገር ሰሌዳ ሊተክሉ ጉድጓድ ቆፈሩ። ሌሊት ዝናብ ሞልቶት አደረና ሠራተኛው ውሃውን በባልዲ እየቀዳ መንገዱ ላይ ይደፋው ጀመር። የዋልካው ጭቃ ሽታ የእህል ሱቄ ድረስ ገባ፤ የበሰበሰ ጭድና የዛገ ብረት የተቀላቀለበት ሽታ ነው። ሰሌዳው አጥር ተደግፎ ነበርና ሄጄ አነበብሁት። መንገዱ አለ፣ ገበያው አለ፣ ሩዙም አለ። ውሃው ግን የለም። የፎገራን ሜዳ ያለ ውሃ መጻፍ፣ ያለ ሙሽራ ሰርግ መደገስ ነው። ያን ጊዜ እትዬ በላይነሽ ትዝ አሉኝ።

እትዬ በላይነሽ የልጅነት ጎረቤቴ ነበሩ። ጠላ ቤታቸው ከከተማው ታችኛው ጫፍ፣ ሜዳው ከሚጀምርበት ላይ ነበር። የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሲወጡ ውሃው ከሁሉ ቀድሞ የሚገባው እሳቸው ዘንድ ነው፤ ጠጪዎቹም “ደንበኛዎ መጣ” ይሏቸው ነበር። ሲጎድል ግድግዳው ላይ የደለል መስመር ትቶ ይሄዳል። ለእንቁጣጣሽ አገሩ ሁሉ ቤቱን ሲመርግ እሳቸውም ይመርጋሉ። ከበሩ በስተቀኝ ግን ክንድ የሚሰፋ ስፍራ ከታች እስከ ላይ ሳይነኩ ያልፋሉ፤ መስመሩም እንዳይጠፋ በቢላዋ ጫፍ ይጭሩታል።

“እትዬ፣ ፊትዎን ታጥበው አንገትዎን ረሱት” ይሏቸዋል ጠጪዎቹ።

“አንገቴን ማን ሊያየው? የእናንተ ዓይን ያለው ዋንጫው ላይ ነው” ብለው ይቀዱላቸዋል።

መስመሮቹ በዓመተ ምሕረት አይጠሩም። ታችኛዋ ሩዝ ገና እንግዳ ሳለ፣ ሰዉ “የወፍ ቀለብ” እያለ ሲስቅበት የመጣችው ናት። ከእሷ በላይ ያለችው የወንዙ ድልድይ ሲሠራ የመጣችው። ላይኛዋ፣ ያኔ አንገቴ ላይ የምትደርሰው፣ ባላቸው ከብት ሊያወጡ ገብተው ያልተመለሱባት ናት። እሷን ሲጭሩ ማንም አያናግራቸውም።

ልጃቸው ያልጋነሽ በዕድሜ ታላቄ ነበረች። ደመላሽ የሚባል የደጋ ልጅ ለትዳር ጠየቃት። እናት መሬት ሊሰጡ፣ ልጁ ከደብረ ታቦር በኩል በሬዎቹን ነድቶ ወርዶ ከሜዳው ሊኖር ተባባሉ። ወላጆቹ ቤቱን አይተው ነገሩን ሊጨርሱ በሚመጡበት ቀን ያልጋነሽ ጭቃ በጭድ አቡክታ ቀረበች።

“እማዬ፣ ለዛሬ ብቻ ልምረገው። ይህን አይተው ይመለሳሉ።”

“ይመለሱ።”

“እኔስ?”

እትዬ በላይነሽ ጭቃውን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ። ከእሷ ሌላ ልጅ የላቸውም። “በሬያቸውን ይዘው ሊወርዱልን ነው፣ ልጄ። ጎርፍ የአንቺን ምርግ አይቶ አይመለስም” አሉና ጭቃውን ተቀብለው ምድጃቸውን መረጉበት። ያልጋነሽ ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

የልጁ አባት አያ ፈንቴ ብዙ ከብት ያላቸው፣ ጥቂት የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ተቀመጡ፣ ጠጡ፣ ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ቀረ።

“ይህ ደግሞ ምንድን ነው?”

እኛም ጎረቤቶቹ ተጠርተን ተቀምጠናል። አባቴ ሊያድናቸው ብሎ “አይጥ ነው፤ አይጥ ጭሮት ነው” አለ።

“አይጥ አይደለም፤ ውሃ ነው” አሉ እትዬ በላይነሽ። ተነሥተው መስመሮቹን ከታች ወደ ላይ እየነኩ ተናገሩ። ላይኛዋ ላይ ሲደርሱ “ይቺ የያልጋነሽን አባት የወሰደችው ናት” አሉ። ከአፋቸው ስሰማው ያ የመጀመሪያዬ ነው። ጓዳ ውስጥ ያልጋነሽ ነጠላዋን ነክሳ ቆማለች።

አያ ፈንቴ ዋንጫቸውን አስቀመጡ። “ያልደረሰበትስ የት ነው?”

እትዬ በላይነሽ ከቤቱ ጀርባ ያለውን ጉብታ አሳዩዋቸው። ሽማግሌው ወጡ፣ አፈሩን በዱላቸው ወግተው አዩ፣ ተመለሱ። “የልጆቹ ጎጆ እዚያ ይቀለሳል። በረቱም እዚያው። ውሃዋን ያልሸሸገችን ሴት ሌላ ምን ትሸሽገናለች?” አሉ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረው “አንተ ግን አይጥህን ጠብቅ” ቢሉት ቤቱ ሳቅ በሳቅ ሆነ። አባቴ እስኪሞት ድረስ በዚያ ሰፈር “አይጡ” እንደተባለ ኖረ።

እትዬ በላይነሽ ካረፉ ቆይተዋል። ጠላ ቤቱ ፈርሶ የባጃጅ ጎማ መሸጫ ሆኗል፤ ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ቀለም ነው። ሰሌዳ ተካዮቹ ላይ አልፈርድም፤ የውሃውን መስመር የሚያሳያቸው የለ።

የእሳቸው ነገር የቀረው አማቻቸው ደመላሽ ላይ ነው ብል ይሻላል። ዛሬ ጸጉሩ ሸብቷል። አዝመራ በገባ ቁጥር ሩዙን ለእኔ ያመጣል፤ ጆንያዎቹን ካወረደ በኋላ ቀድሞ የሚፈታው የከፋውን ነው። “ይሄን ውሃ አግኝቶታል፤ ከዚህ ጀምሪ፣ እህቴ” ይለኛል። ለነጋዴ እንዲህ ያለ ሰው አይመችም። እንከኑን ሁሉ እሱ ተናግሮ ከጨረሰው፣ እኔ ዋጋውን በምን ላውርደው? ሌላው ገበሬ ላይ የምፈታውን ምላሴን ሰብስቤ እመዝናለሁ።