እማዬ በቻይና ደሴት ደጃፍ ላይ ቁጭ አለች

ዛሬ እኔ፣ እማዬና ወንድሜ ሺያሜን ከምትባል የቻይና የባሕር ዳርቻ ከተማ ፊት ለፊቷ ወዳለች ትንሽ ደሴት በጀልባ ተሻገርን። እንደወረድን እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ወደቡ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ቁጭ አለች።

«ወንድምሽ ገብቶ ይምጣ። እኔና አንቺ እዚሁ እንጠብቀው» አለችኝ።

ወዲያው ገባኝ። በደርግ ጊዜ አባባ የሚሠራበት የባሕር ዳር ፋብሪካ ሠራተኞቹን ከነቤተሰባቸው ጣና ላይ ሽርሽር ወስዶን ነበር። የደረስንበት ደሴት ገዳም ግን ሴት አይገባበትም። እኔና እማዬ ከሴቶቹ ጋር ጀልባው ላይ ቀርተን ቆሎ ስንቆረጥም ዋልን። (ሃይማኖት ይቅር እያለ የሚሰብከን ካድሬ ግን ጫማውን አውልቆ ሲገባ አይተነዋል።)

ወንድሜ ያን ቀን ከወንዶቹ ጋር ገዳሙ ገብቶ ያየውን ሥዕል እስከ ዛሬ ያወራልናል።

«እማ፣ እዚህ የማይገባው መኪና ብቻ ነው» አልኋት።

«ታዲያ ምን አስቀመጠኝ!» ብላ ብድግ። አቀበቱንም፣ አበባ የወረሰውን አጥርም እሷ እየመራች አየን። አሸዋው ላይ ስንደርስ ጫማዋን አውልቃ ወደ ባሕሩ ገባች፤ እኔም ጫማዬን አውልቄ ተከተልኋት።

ወንድሜ ሊከተለን ሲል ዘወር አለችና «አንተ በደርግ ጊዜ አይተሃል፤ ዛሬ ቁጭ ብለህ ጫማችንን ጠብቅ!» አለችው።

ጠበቀ።

የእናንተስ እናት፣ ሌላው ገብቶ ሲያይ ደጅ የጠበቀችው የት ነበር?