ሽቅብ የሄደው ጥምቀት

ዛሬ ጠዋት ልጄ የአሻንጉሊቷን ልብስ ልታጥብ ብላ ነጭ ሳፋ ውስጥ ውሃ ቀዳችና ደጃፉ ላይ አስቀመጠችው። ፀሐይ ገና መውጣቷ ነበር። ብርሃኑ ውሃውን አልፎ ሳፋው ወለል ላይ እንደ መረብ ተዘረጋና ይንቀጠቀጥ ጀመር። ለሥራ እየወጣሁ ነበር፤ ቦርሳዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ዱራሜ መሆኔን ረሳሁት። የእርጥብ ድንጋይና የቄጠማ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው፤ ሆሳዕና፣ ከከተማው በታች፣ ወንዛችን ዳር ነበርኩ።

ያን ጊዜ አሥራ አንደኛ ክፍል ነኝ። ትምህርት ቤታችን ውስጥ የወንዙን ውሃ የሚከታተል ክበብ ነበረን። ያዘዘን የለም፤ በገዛ ፈቃዳችን ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከባዮሎጂ መምህርታችን ጋር ቁልቁል ወርደን ውሃው እንዴት እንዳለ እናይ ነበር። መምህርታችን የዳምቦያ ልጅ ናት። ደስ ሲላት ሳታውቀው በከምባትኛ ታንጎራጉራለች። ዕቃችን ቀላል ነው፤ መረብ፣ ነጭ ትሪ፣ ውሃ ሲነካው ቀለሙን የሚቀይር ወረቀት። አንዳችን ሱሪዋን ጠቅልላ ገብታ ድንጋዩን በእግሯ ታንቀሳቅሳለች፣ ሌላዋ ከታች መረቡን ይዛ ትጠብቃለች። ከዚያ የተያዘውን ትሪው ላይ እንገለብጣለን። መጀመሪያ ጭቃና የበሰበሰ ቅጠል ብቻ ነው የሚታየው። ዝም ብሎ ለጠበቀ ግን ጭቃው ይረጋና ከመካከሉ አንድ ነገር ይላወሳል።

"ሦስት ጭራ ያላትን ፈልጉ" ትለን ነበር መምህርታችን። "እሷ ቆሻሻ ውሃ አትችልም። እሷ ካለች ወንዙ ጤነኛ ነው።"

መረቡን የምትይዝልኝ ባልንጀራዬ ነበረች፤ ከቤታችን ፊት ለፊት ሱቅ ያላቸው የጉራጌ ሙስሊሞች ልጅ። የሻርፗን ጫፍ አንገቷ ላይ ጠምጥማ ትሪው ላይ ታቀረቅራለች። ያቺ ባለ ሦስት ጭራ ነፍሳት ብቅ ስትል እጇን አፏ ላይ ታደርጋለች። "ዝም በሉ፣ ትደነግጣለች!" የወንዙ ድምፅ እያለ እኛን ነበር ዝም የምታሰኘው።

ወንዙ ዳር መኪና ከሚያጥቡት ላቫጆዎች በታች ወንዙ የሚታጠፍበት ጥልቅ ቦታ አለ። ሾላ አጎንብሶበታል፤ ውሃው እዚያ ሲደርስ ያሸለበ ይመስላል። የአጥቢያችን ሰው ሁሉ የሚጠመቀው እዚያ ነበር። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ግን ትሪያችን ከዚያ ቦታ የሚያወጣው እየሳሳ ሄደ። መጀመሪያ ባለ ሦስት ጭራዋ ጠፋች። ቀጥሎ ሌሎቹ ጠፉ። በመጨረሻ ቀይ ትልና የዘይት ሽታ ብቻ ቀረ። ዘይቱ ውሃው ላይ የቀስተ ደመና ቀለም ሠርቶ ሲያልፍ እንዴት ያምር እንደነበር እስከዛሬ ይገርመኛል።

አባቴ የአጥቢያችን ወንጌላዊ ነበር። እዚያ መታጠፊያ ላይ ነው የተጠመቀው። እናቴም እዚያው ነው የተጠመቀችው። እሷ ካረፈች ወዲህ አንዳንድ ቀን ብቻውን ይወርድና ሾላው ሥር ይቀመጣል። በሚመጣው እሑድ ደግሞ ከሌሎች ወጣቶች ጋር እኔን ሊያጠምቀኝ ነው። እንዴት ብዬ ልንገረው? ቀኑን ሙሉ ቃላት ስመርጥ ውዬ፣ ማታ ራት ስንበላ ዝም ብሎ አመለጠኝ።

"አባዬ፣ መታጠፊያው ውስጥ ከቀይ ትል በቀር የቀረ ነገር የለም። ውሃው ታሟል።"

መነጽሩን አወለቀ። "ንዕማንም እንዳንቺ ውሃ አማርጦ ነበር" አለኝ።

"ንዕማን ታሞ ገብቶ ድኖ ወጣ። እኛ ጤነኛ ገብተን ታመን ብንወጣስ?"

ይቆጣል ብዬ ነበር። እሱ ግን ሳህኑን ወደ ጎን ገፋ አደረገና ቀስ ብሎ በሃዲይኛ፣ "እናትሽ የተጠመቀችው እዚያ ነው" አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ወንዙ ዳር ደርሰን ዕቃችንን ስናወርድ አባቴ በባህር ዛፎቹ መካከል ሲመጣ አየሁት። ኮቱን እንደለበሰ ነው። "መምህርት፣ እስኪ ያሳዩኝ" አለ። ከመታጠፊያው ቀድተን ትሪውን ፊቱ አደረግንለት። ቁጢጥ ብሎ ረጅም ጊዜ አየው።

"መቼ ነው እንዲህ የሆነው?"

"ቀስ በቀስ ነው፣ ወንጌላዊ" አለችው መምህርታችን። "በአንድ ቀን አይደለም።"

"ከላይስ?"

ተያይዘን ሽቅብ ሄድን። ላቫጆዎቹን አለፍን፣ የእንሰቱን ማሳ አለፍን፣ ውሃው በድንጋይ መካከል እያወራ የሚወርድበት ደረስን። አባቴ ጫማውን አወለቀ፣ ሱሪውን ጠቀለለ፣ ገባ። እንዳሳየነው ድንጋዩን በእግሩ አንቀሳቀሰ። ባልንጀራዬ ከታች መረቡን ይዛለታለች። ትሪው ላይ ገልብጠን ስንጠብቅ ጉሮሮውን ጠረገና አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ።

"ዝም ይበሉ፣ ትደነግጣለች!" አለችው።

አባቴን በሙሉ ጉባኤ ፊት ዝም ያሰኘው ሰው አልነበረም። እሱ ግን ፈገግ ብሎ አፉን ዘጋ። ጭቃው ረጋ። እሷም ሦስት ጭራዋን እያወዛወዘች ወጣች።

እሑድ ጉባኤው እንደ ልማዱ መታጠፊያው ላይ ተሰበሰበ። አባቴ መጽሐፍ ቅዱሱን ብብቱ ሥር አድርጎ፣ "ዛሬ ሽቅብ እንሄዳለን" አለ። አንድ ሽማግሌ "አባቶቻችን የተጠመቁበትን ትተን?" ሲሉ ሰማሁ። "አባቶቻችን ይህን ውሃ ዛሬ ቢያዩት ልጆቻቸውን አያስገቡበትም" አለ አባቴ፤ ድምፁ ግን ሰለለ። ወደ ሾላው አንዴ ዞር ብሎ አየና ቀድሞን ተራመደ።

ጉሙ ገና አልተነሣም ነበር። ነጭ ቀሚሳችን የእንሰቱን ቅጠል ሲነካ ጤዛው ይረግፍብናል። መዘምራኑ ከኋላችን ናቸው፤ መዝሙሩ አንዳንዴ ከጉሙ ውስጥ፣ አንዳንዴ ከወንዙ የሚመጣ ይመስል ነበር። ላቫጆ የሚሠሩት ልጆች ውሃቸውን ዘግተው እስክናልፍ ቆሙልን።

ተራዬ ደርሶ ስገባ ቅዝቃዜው ትንፋሼን ቀማኝ። አባቴ ጀርባዬን ደግፎ ያዘኝ። ቃሉን ከመናገሩ በፊት ግን ጎንበስ አለና ከእግራችን ሥር አንድ ድንጋይ አነሣ። ገልብጦ አየው። ከዚያ እንቁላል እንደሚያስቀምጥ ሰው ተጠንቅቆ ወደ ቦታው መለሰው። ሕዝቡ ምን እንደፈለገ አላወቀም። እኔ አውቄዋለሁ። ውሃው ሲሸፍነኝ መዝሙሩ በጣም ሩቅ ሆነ፤ ዓይኔን ገልጬ ከበላዬ የሚርገበገበውን ብርሃንና የአባቴን ፊት አየሁ።

ስወጣ ባልንጀራዬ ከሕዝቡ ራቅ ብላ ሹራቤን ይዛ ቆማ ነበር። ሌላው ሰው ለምሳ ሲመለስ እኛ ቁልቁል ወደ መታጠፊያው ወረድን።

በሚቀጥለው ዓመት ቤተሰቦቿ ሱቁን ዘግተው ከከተማው ወጡ። ስልኳም ተቀየረ፤ ዛሬ የት እንዳለች አላውቅም። አባቴም አርፏል። ላቫጆዎቹ እዚያው ናቸው ይላሉ፤ እኔ ሆሳዕና በሄድኩ ቁጥር ልወርድ አስብና ሳልወርድ እመለሳለሁ።

ያን እሑድ ግን መታጠፊያው ላይ ሰው አልነበረም። "ብቻውን ቀረ" አለች ባልንጀራዬ። ሾላው ሥር ጎን ለጎን ተቀመጥን። በሽተኛ ሊጠይቁ እንደገቡ ሰዎች ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ትንሽ አወራን። ፀጉሬ እስኪደርቅ ቆየን። ልንሄድ ስንነሣ ጎንበስ ብላ ውሃውን በጣቷ ጫፍ ነካችው።

"አላህ ያሽርህ" አለችው።

"አሜን" አልኩ።