በክንዷ ላይ የወጣው ቀይ መስመር

በላስቲክ ቤቱ ውስጥ ቲማቲም የሚንከባከቡት ሴቶች «መቀስ» ይሏታል። ቅጽል ስሙ የወጣላት በቀኝ አውራ ጣቷ ጥፍር ነው። ከግንዱና ከቅርንጫፉ መጋጠሚያ የሚወጣውን ትርፍ ቡቃያ ሌሎቹ በቢላ ይቆርጡታል፤ እሷ በጥፍሯ ቀንጠስ አድርጋ ታልፋለች። ቢላ በየተክሉ መሃል መድኃኒት ባለበት ባልዲ መነከር አለበት። ጥፍር ግን ማን ይነክራል? ስለዚህ ጓደኞቿ አንዱን መደዳ ሳያጋምሱ እሷ ቀጣዩን ትጀምራለች። አለቃውም አይቶ እንዳላየ ያልፋታል፤ ሥራ ሲፈጥንለት የሚቆጣ አለቃ መቼም የለም።

አንድ ጠዋት እሷ ከሠራችው መደዳ አንድ ተክል፣ ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ፣ ጠውልጎ ተገኘ። ውሃ የጠማው መስሏት አጠጣችው። በማግስቱ ጎረቤቱም፣ የጎረቤቱም ጎረቤት አንገታቸውን ደፉ። አለቃው ከአንዱ ግንድ ቆረጠና ንጹሕ ውሃ በሞላ ብርጭቆ ውስጥ አንጠለጠለው። ሴቶቹ ከበው አዩ። ጥቂት ቆይቶ ከተቆረጠው አፍ እንደ ወተት የነጣ ቀጭን ክር ዝም ብሎ ወደ ታች መውረድ ጀመረ።

«ኧረ አለቃ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ባክቴሪያ ነው። ሕይወት አለው። አንዱን ለብቻው ዓይን አያየውም፤ እልፍ አእላፍ ሆኖ ነው እንዲህ የታየን። በቁስል ይገባና ውሃ የሚወጣበትን ቧንቧ ይደፍነዋል። ሥሩ ውሃ ውስጥ ቆሞ ተክሉ በጥም ይሞታል።»

«መድኃኒቱስ?»

«አንዴ ከገባ የለውም። መንቀል ነው፤ ጎረቤቶቹን ጨምሮ።» ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። «መቀስ፣ ከዛሬ ጀምሮ እንደ ሰው በቢላ!»

«እሷን ራሷን ባልዲው ውስጥ ዘፍዝፈን እናሳድራታ!» አለች አንዷ። ሁሉም ሳቁ። እሷም ሳቀች፤ እጇን ግን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ትናንት ከድጋፍ እንጨቱ ስንጥር በዚያው የአውራ ጣቷ ጥፍር ሥር ገብቶባት ነበር። ስንጥሩን አውጥታ ጥላዋለች፤ ጣቷ ግን ከጠዋት ጀምሮ እንደ ልብ ይመታል።

የምትኖረው ከታናሽ እህቷ ጋር ነው፤ ሁለት አልጋ በመጋረጃ የተለየበት አንድ ክፍል። ማታ እራት ላይ እህቷ አፈጠጠችባት።

«እታለም፣ ምነው በግራሽ በላሽ?»

«ደክሞኝ ነው።»

«አንደኛው እጅ ሲደክም ሌላው ይተካል እንዴ? እኔም ልብስ ሳጥብ እንደሱ በሆነልኝ!»

በማግስቱ ጣቷ አብጦ ቆዳው ያብለጨልጭ ጀመር። ጓንት አጥልቃ ዋለች። ከምሳ በኋላ መጸዳጃ ቤት ገብታ እጅጌዋን ስትሰበስብ፣ ከእጅ አንጓዋ እስከ ክንዷ አጋማሽ ቀጭን ቀይ መስመር ተሰምሮ አየች። ብርጭቆው ውስጥ የወረደው ነጭ ክር ዓይኗ ላይ መጣ። ያው እሱ ነው፤ ቧንቧዋን ይዞ እየወጣ ነው። ለሐኪም ብታሳይ የሚሏት አንድ ነገር ነው፤ መቁረጥ። እጅ ከሌላት ማን ሥራ ይሰጣታል? እህቷ ላይ ሸክም ሆና ልትቀር?

ተክሎቹ ከድጋፉ ጋር ከሚታሰሩበት ሲባጎ በጥሳ፣ አንዱን ጫፍ በጥርሷ ይዛ፣ ከክርኗ በላይ ጥብቅ አድርጋ አሰረች። እጅጌዋን አውርዳ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ተክል ስታስር የኖረች ሴት፣ ማሰር እንጂ ሌላ ምን ታውቃለች?

ቤት ስትደርስ ጥርሷ ይንገጫገጭ ነበር። እህቷ ብርድ ልብስ ስታለብሳት የጠቆረውን እጇን አየችና እጅጌዋን ገለበች።

«በስመ አብ! ይሄን ማን አሰረብሽ?»

«እኔ ነኝ። እንዳይወጣ ብዬ።»

«ወዴት እንዳይወጣ?»

«ወደ ልቤ።»

እህቷ ሲባጎውን በቢላ በጠሰችው። «ተነሺ፣ ሐኪም ቤት!»

«አልሄድም፤ ይቆርጡኛል።»

«እጅሽን ይዘሽ ከምትቀበሪ ያለ እጅ እጦርሻለሁ! ተነሺ አልኩሽ!»

ጤና ጣቢያው ውስጥ ጠና ያሉ ነርስ ተቀበሏት። ብብቷን ዳሰስ ሲያደርጓት ጮኸች፤ ንፍፊት ወጥቶባታል። የቲማቲሙን ነገር እየተንተባተበች ነገረቻቸው።

«ይሄ ከቲማቲሙ የመጣ አይመስለኝም» አሉ ነርሷ። «እንዲህ የሚያደርገው ብዙ ጊዜ ቆዳችን ላይ የሚኖር ሌላ ዘር ነው። የገባበት በር ግን አንድ ነው፤ ቁስል። ተክል ደግሞ ዘበኛ የሚያዘዋውር ደም የለውም፤ አንቺ አለሽ። ይሄ ንፍፊት ዘበኞችሽ የተሰበሰቡበት ነው። ስታስሪው እኮ ሌባውን ትተሽ ዘበኛውን አሰርሽ፤ እጅሽንም ልትገድዪው ነበር።»

«ትቆርጡታላችሁ?»

ነርሷ እስክሪብቶ አውጥተው ቀዩ መስመር ከደረሰበት ትንሽ ከፍ ብሎ በክንዷ ዙሪያ አሰመሩ። «ሐኪሙ መግሉን ያወጣልሻል፤ መድኃኒት በደም ሥር ይሰጥሻል። ከዚህ ካለፈ ግን ወደ ትልቁ ሆስፒታል ነው።»

ጥፍሩ ተነስቶ መግሉ ሲፈስ አልጮኸችም። ዓይኗ በእስክሪብቶ የተሰመረው ላይ ነበር። ሌሊት፣ ከእህቷ ጋር እዚያው ጤና ጣቢያ ባደሩበት፣ ቀዩ የእስክሪብቶውን መስመር ነካው። ያለፈው ይመስላታል፤ እህቷን ቀስቅሳ ታሳያታለች፤ «አላለፈም፣ ተኚ» ትላታለች እህቷ፤ እሷ መልሳ ታያለች። በመሃሉ በዚያ ጥፍር የነካቻቸው ተክሎች ሁሉ ይታዩዋታል፤ ከአንዱ ቁስል ወደ ሌላው በገዛ እጇ ያሻገረችው፣ ሳታየው።

ሲነጋ ነርሷ መጡና ክንዷን ወደ መስኮቱ አዞሩት።

«ቆሟል። እንዲያውም ወደ ታች ደብዝዟል።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እርግጠኛ የምሆነው መድኃኒቱን ጨርሰሽ ስትመጪ ነው። ሻል ሲልሽ ካቋረጥሽው የተረፉት ይነሳሉ።»

ሕመሙ ቀድሞ ለቀቃት፤ ፍርሃቱ ግን አልለቀቃትም። እያንዳንዷን ኪኒን እህቷ ፊት ዋጠች፤ አፏንም ከፍታ አሳየቻት። በቀጠሮዋ ቀን ነርሷ ፋሻውን ፈትተው ሁለት ጣታቸውን ዘረጉላት።

«በይ ጨብጪኝ።»

ዓይኗን ጨፍና ጨበጠች።

«ኧረ ላላ አድርጊ፤ አሁን ደግሞ የእኔን ልትሰብሪው ነው!» አሉ ነርሷ። እሷ ግን ቶሎ አለቀቀችም።