የጎረቤት ሰው ሳንባ

ከአገሬ ከግሼ ራቤል በምወጣበት ዋዜማ፣ ምሽቱን ቤታችን ሰርግ ቤት ይሁን ለቅሶ ቤት አይለይም ነበር። የአገሩ ሰው በሶውንም ቆሎውንም ቋጥሮ መጥቶ፣ የወንድሜ ሚስት ሻንጣዬን ስንቴ ዘርግፋ ስንቴ መልሳ እንዳጨቀችው እንጃ። አባቴ ብቻ ከመደባቸው አልተነሡም።

«ብርዱ እንዴት ነው አሉ፣ ጀርመን?» አሉኝ በመጨረሻ።

«ከግሼ አይብስም አባዬ።»

ከትከሻቸው ላይ ባናቸውን ገፈፉና ሻንጣው ላይ ጣሉት። ባና፣ ለማታውቁት፣ ከበግ ጠጉር የሚሠራ የመንዝ ብርድ ልብስ ነው፤ ይከብዳል፣ ይኮሰኩሳል፣ ግን ውርጭ አያሳልፍም። ሻንጣው አልዘጋ ሲለኝ ሁለት የራጅ መጻሕፍቴን አውጥቼ እሱን ከተትኩ። ሲነጋ አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል ልሰናበታቸው ብፈልጋቸው የሉም፤ በጎቹን አስወጥተው ሄደዋል። ሲያለቅሱ እንዳላያቸው ነው።

ለምን እንደወጣሁ የሚጠይቀኝ ብዙ ነው። የራጅ ባለሙያ ነኝ። እዚያው መንዝ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ማሽናችን አንድ ነበር፤ ሲሠራ እሰየው፣ ሲበላሽ ግን ጠጋኙ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ በር ላይ ቆሜ በቃሬዛ የመጣውን ሁሉ «ደብረ ብርሃን ውሰዱት» ማለት ነበር ሥራዬ። ሲቲ ስካንና ኤምአርአይ የተማርኩት በሥዕል ነው። አንጀቴን ያሳረረኝ ይህ ነው። ጀርመኖች የራጅ ባለሙያ አጥተዋል ሲባል አዲስ አበባ ሄጄ ቋንቋቸውን ተማርኩ፤ ፈተናውን አለፍኩ፤ ቪዛው መጣ። እንደ ብዙ ወገኖቼ በረሃ አላቋረጥኩም፣ ጀልባ ላይ አልወጣሁም፤ ለዚህ ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ። የኔን አበሳ ያየሁት ቢሮ ውስጥ ተቀምጬ ነው።

ጀርመን ስገባ ትምህርቴን የመዘነው ሰውዬ ቀጭን፣ ባለ መነጽር ነው። ጀርመን ሰውን ሁሉ «እርስዎ» ይላል፤ መጀመሪያ አክብረውኝ መስሎኝ ነበር።

«በየትኛው ማሽን ነው የሠሩት?»

ስሙን ነገርኩት። ኮምፒውተሩ ላይ ፈልጎ ፈልጎ ፊቱ በራ።

«ይህ እኮ ሙዚየማችን ውስጥ አለ!»

«እኛ ጋ ገና ጡረታ አልወጣም» አልኩት።

አልሳቀም። «በጡት ራጅ ስንት ሰዓት ሠልጥነዋል?»

«ማሽኑ አልነበረንም።»

«እንግዲያው ዜሮ ልበል?»

«ይበሉ።»

«በኤምአርአይስ?»

«እዚያም ያንኑ ይጻፉ፤ እጅዎ ለምዶታል።»

መጨረሻው «አንፓሱንግ» የሚሉት ነገር ሆነ። የማላውቀውን እስክለምድ በሌላ ባለሙያ ሥር ሆኜ፣ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ከዓመት በላይ መሥራት ማለት ነው። መሀል ላይ ጥዬ ከሄድኩ ቦታው ለሌላ ይሰጣል፤ የመኖሪያ ፈቃዴም አብሮት ይሄዳል። ይህን ደጋግመው አስረዱኝ፤ እኔም ደጋግሜ ገብቶኛል አልኩ።

አከራዬ ወይዘሮ ቤከር ደግሞ ሌላ ጉድ ናት። በገባሁ በሳምንቱ አፍንጫዋን ይዛ መጣች።

«እንስሳ አስገብተዋል።»

«ኧረ የለኝም!»

«ይሸተኛል። በውላችን ላይ እንስሳ ክልክል ነው።»

ባናውን አምጥቼ አሳየኋት። ራቅ ብላ አሸተተችውና «ይህ በግ ነው» አለችኝ።

«ነበረ» አልኳት።

ባናው በረንዳ ላይ ተሰቀለ፤ እኔ ደግሞ «ሉፍተን» ታዘዝኩ። ሉፍተን ማለት በዚያ ብርድ ጠዋት ጠዋት መስኮቱን ብርግድ አድርጎ ቤቱን ማናፈስ ነው። እኛ ክረምት በመጣ ቁጥር የግድግዳውን ቀዳዳ በጭቃ ስንመርግ የኖርን ሰዎች! ለአባቴ ከግሼ አይብስም ያልኩት ብርድም ሌላ ሆኖ ተገኘ። የኛ ውርጭ ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲመታው ይለቃል፤ እዚህ ፀሐይዋ ራሷ የበረደች ናት። ገብስ አላቸው፣ ያውም ምን የመሰለ፣ ግን ለቢራ ነው የሚያውሉት። አንድ ቀን በሶ በጥብጬ ለሥራ ባልደረባዬ ባቀምሳት የሕፃን ምግብ ነው ወይ አለችኝ።

ሥራውን ግን አልዋሽም፣ ወደድኩት። ሲቲው የሰውን ደረት እንደ ዳቦ ቆራርጦ ሲያሳየኝ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ደስታም ንዴትም ነበር። ያ ሁሉ በቃሬዛ የመለስኩት ሰው ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ። እዚህ ታማሚው በደቂቃው ይገባል፣ በደቂቃው ይወጣል፤ አመስግኖ ይሄዳል፤ «እጅሽ ይባረክ» ብሎ የሚመርቅ ግን የለም። ለካ ምርቃት ይናፍቃል።

ኅዳር ላይ ታላቅ ወንድሜ፣ ወንድምጋሼ ነው የምለው፣ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። የደረት ራጅ ፊልም መስኮት ላይ ተደግፎ የተነሣ ነው። ስም የሚጻፍበት ጥግ አይታይም፤ አውራ ጣቱን ጭኖበታል። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ይህ የጎረቤት ሰው ነው። ደብረ ብርሃን ራጅ ተነሥቶ ሐኪሙ ለሲቲ ስካን አዲስ አበባ ሂድ ቢለው እምቢ አለ። አንቺ እይውና ንገሪን፤ ያንቺን ቃል ይሰማል።»

አጉልቼ አየሁት። ቀኝ ሳንባው ላይ፣ ከላይ በኩል፣ የሕፃን ቡጢ የሚያክል ነጭ ጥላ አለ። መጥፎ ነው ብዬ ወደ አጥንቱ አለፍኩ፤ በሙያችን አጥንትም ሳይታይ አይታለፍም። ከአንገቱ ሥር ወደ ግራ ትከሻው የሚሄደው አጥንት አንድ ጊዜ ተሰብሮ፣ ጫፍና ጫፉ ተደራርቦ ገጥሟል። የወጌሻ ሥራ ነው።

ያንን አጥንት አውቀዋለሁ። አባቴ እኔ ሳልወለድ ከበቅሎ ወድቀው ወጌሻ የጠገነላቸው ነው። ልጅ ሆኜ እሽኮኮ ሲሉኝ ያንን ጉብታ ነበር ጨብጬ የምይዘው።

ስልኩን አስቀምጬ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

እኛ ዘንድ በሰው አገር ላለ ሰው ክፉ አይነገርም። ታመመ አይባልም፤ ሞቶም ቢሆን እዚያው ያለ ወገን ተፈልጎ፣ በማለዳ ሄዶ ያረዳዋል እንጂ በስልክ አይሰማም። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እና የራጅ ባለሙያ ያላት ቤት ምን ታድርግ? ከኔ ደብቀው እኔኑ መጠየቅ ነበረባቸው። ወንድሜን ልቆጣው አልቻልኩም። አውቄያለሁ ብል ደግሞ አባቴን አውቃቸዋለሁ፤ በኔ ምክንያት ትምህርቷን ጥላ ትመጣለች ብለው «ደህና ነኝ፣ ምንም የለብኝም» ይሉና ጭራሽ ከቤት አይወጡም። ስለዚህ እኔም ስለ ጎረቤት ሰው ለማውራት ደወልኩ።

«ሰውየው ይስላል?» አልኩት ወንድሜን።

«ይስላል።»

«ሲስል ደምስ አለው?»

«አልፎ አልፎ።»

«ወንድምጋሼ፣ በዚህ ሳምንት ሲቲ ስካን ይነሣ። ከዚህ ፊልም ላይ ቁርጡ አይታወቅም። ቲቢም ሊሆን ይችላል፣ ቲቢ ከሆነ በመድኃኒት ይድናል። የከፋም ከሆነ ሳይቆይ ነው የሚሻለው።»

«ገብሱ ሳይወቃ የትም አልሄድም ይላል።»

«ገብሱን አንተ ውቃለት!» ብዬ ጮህኩ። ለጎረቤት እንዲህ እንደማይጮህ የታወቀኝ ከጮህኩ በኋላ ነው።

ከዚያ ማዶ ስልኩ እጅ ሲለውጥ ሰማሁ።

«እንዴት ነሽ ልጄ?» አሉኝ አባቴ። ትንፋሻቸው አጥሯል። ሊስቁ ሲሞክሩ ሳል ቀደማቸው። «አውድማ ላይ ስለዋልኩ አቧራው ነው» አሉ። ቀጥለው፦ «ያ ጎረቤታችን፣ ያየሽለት፣ እንዴት ነው?»

«አባዬ፣ ውጤት የሚናገረው ሐኪሙ ነው። እኔ ማንሣት ብቻ ነው ሥራዬ።» ለታማሚ ሁሉ የምለውን ነው ያልኳቸው።

«ይሁን፤ አፍሽ አይናገር። ቪዲዮውን ክፈቺውና ፊትሽን ልየው። ታማሚ ሁሉ ውጤቱን ከኔ ፊት ላይ ነው የሚያነበው እያልሽ ታጫውቺን አልነበር?»

ኔትወርክ የለም ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ አልሆነልኝም። ፊቴን በውኃ አስነክቼ ከፈትኩት። ጉንጫቸው ገብቷል፤ ጋቢው ውጧቸዋል። ከጎናቸው የወንድሜ ክንድ ስልኩን ደግፎ ይታያል። ፈገግ ለማለት ታገልኩ። አባቴ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ እኔን ብቻ አዩ።

«እሺ» አሉ። «ለሰውየው እነግረዋለሁ። ነገ በጠዋቱ አውቶቡስ ይሄዳል።»

«ይሂድ አባዬ። ወንድምጋሼም አብሮት ይሂድ።»

«ይሄዳል አልኩሽ እኮ።» ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉና ወደ ስልኩ ቀረብ አሉ። «አንቺ ግን እንዳትመጪ።»